መራራው ይቅደም፦ የጣሊያን ምግብ ቤት ኮክቴልና ወይን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ጣሊያን ምግብ ቤቶች የመጠጥ ዝርዝር የሚጠይቁ ናቸው። ገሚሱን የጻፉት ከባንኮኒ ጀርባ ቆመው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ገሚሱን ደግሞ ሜኑ ይዘው ምን ልዘዝ ብለው የሚያስቡ እንግዶች። ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር እናስቀድም። የጣሊያን የመጠጥ ዝርዝር የምግቡን ተራ ይከተላል፤ ከምግብ በፊት መራራ፣ ከምግብ ጋር ወይን፣ ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ወይም ብርቱ። ይህ ተራ ሲዛነፍ ውዱም መጠጥ ጣዕም ያጣል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ የጣሊያን ምግብ ቤት ባር ውስጥ እሠራለሁ። ኔግሮኒ ስሠራ ሁልጊዜ የምለካው በአንድ መለኪያ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ይጣፍጣል፣ አንድ ቀን ውኃ ውኃ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ የተበላሸ ወይን ይመስላል። ልኬቱ ካልተለወጠ የሚለወጠው ምንድን ነው?

መልስ፦ የሚለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቬርሙቱና በረዶው።

ልኬቱ ቀላል ነው፦ 30 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 30 ካምፓሪ የሚባለው ቀይ መራራ መጠጥ፣ 30 ቀይ ጣፋጭ ቬርሙት። በፍሎረንስ እንደሚነገረው በ1919 ካሚሎ ኔግሮኒ የተባሉ ባላባት ከካምፓሪ፣ ከቬርሙትና ከሶዳ የሚሠራው አሜሪካኖ የሚባለው መጠጥ ጠንከር ተደርጎ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ በሶዳው ፈንታ ጂን ገባ፤ መጠጡም በስማቸው ቀረ። ሦስቱ እኩል ስለሚገቡ አንዱ ሲበላሽ የሚሸፍንለት የለም።

መጀመሪያ ቬርሙቱን ይመርምሩ። ጠርሙሱ ከጂንና ከቮድካ ጎን ስለሚደረደር ብዙዎች የማይበላሽ ይመስላቸዋል። ቬርሙት ግን ወይን ነው፤ የአሪቲ ዘመድ በሆነ መራራ ቅጠልና በሌሎች ቅመሞች የጣፈጠ፣ ስኳርና ጥቂት አልኮል የተጨመረበት ወይን። ተከፍቶ በሞቃት ባር ላይ ሳምንታት ከቆየ መጀመሪያ የቅመሙ ሽታ ይጠፋል፣ ከዚያ ጣዕሙ ወደ ሆምጣጤ ያዘነብላል። እርስዎ "የተበላሸ ወይን" ያሉት ይህንኑ ነው። ጠርሙሱ የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉበት፣ ክዳኑን አጥብቀው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፣ በአንድ ወር ውስጥ ይጨርሱት። ሁለት ወር የመጨረሻው ገደብ ነው። ኔግሮኒ ብዙ የማይታዘዝበት ቤት ከሆነ ትንሹን ጠርሙስ መግዛት ያዋጣል። ጥርጣሬ ከገባዎት ከአዲስና ከተከፈተ ጠርሙስ 20፣ 20 ሚሊ ቀድተው ጎን ለጎን ያሽትቱ፤ ልዩነቱ ሳይቀመስ ይታወቃል።

ቀጥሎ በረዶው። ከማሽን ወጥቶ በባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የቆየ በረዶ ላዩ ቀልጧል፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ያንን ውኃ ይዞ ይገባል። መሐሉ ክፍት የሆነ ስስ በረዶም ቶሎ ይሟሟል። ከፍሪዘር አሁን የወጣ፣ ደረቅ፣ ትልልቅ በረዶ ይጠቀሙ። ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ቶሎ ቶሎ ይድፉ።

አሠራሩም ይህ ነው። የመቀላቀያውን ብርጭቆ በበረዶ ይሙሉ፣ ሦስቱን ይጨምሩ፣ በረጅም ማንኪያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያማስሉ። ከዚያ አዲስ በረዶ ወዳለበት አጭር ብርጭቆ አጥልለው ይገልብጡት። አይናጥ። መናጥ አየር ያስገባል፣ መልኩን ያደፈርሳል፣ በረዶውንም ሰባብሮ ያቀጥነዋል። የሚናጡት ጭማቂ፣ ክሬም ወይም ዕንቁላል ያለባቸው መጠጦች ናቸው። በመጨረሻም ከብርቱካን ልጣጭ ሰፋ ያለ ቁራጭ ያንሱ፣ ነጩን ይተዉ፣ ዘይቱ በመጠጡ ላይ እንዲረጭ ከብርጭቆው በላይ ጨምቀው ይክተቱት። ሎሚ አይተካውም፤ የካምፓሪ መራራነት የሚስማማው ከብርቱካን ጋር ነው።

አርብ ማታ ሰው ሲበዛ አስቀድሞ መደባለቅ ይቻላል። ለአሥር ሰው ከእያንዳንዱ 300 ሚሊ፣ ከዚያ 180 ሚሊ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ። ውኃውን አይርሱ፤ በማማሰል ጊዜ ከበረዶው የሚገባውን ያህል የሚተካው እሱ ነው። ለአራት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ በኋላ በትልቅ በረዶ ላይ 108 ሚሊ ሊትር ገደማ መቅዳት ብቻ ነው የሚቀረው።

ለእንግዳው መራራነቱ ከበዛበት ስኳር አይጨምሩለት። ጂኑን አውጥተው በሶዳ ይተኩለት፤ ይህ አሜሪካኖ ነው። ወይም ጂኑን በፕሮሴኮ፣ በጣሊያኑ አረፋማ ነጭ ወይን፣ ይተኩ፤ ይህ በ1972 ሚላን ውስጥ ባር ባሶ በተባለው ቤት የተጀመረው ኔግሮኒ ዝባሊያቶ ነው። ሁለቱም ይለሰልሳሉ፤ የመጠጡ ጠባይ ግን አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ለልደት ግብዣ አፔሮል ስፕሪትዝ (ብርቱካናማው አፔሮል ከፕሮሴኮና ከሶዳ ጋር) ማቅረብ ፈልጌ ሞክሬው ነበር። በጣም ጣፋጭ ሆነብኝ። ፕሮሴኮውን ስከፍት ደግሞ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ። "ኤክስትራ ድራይ" የሚል ስለነበረ ጣፋጭ አይሆንም ብዬ ነበር የገዛሁት። (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ያሳሳተዎት የመለያው ቃል ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሸወዳል። በፕሮሴኮ ላይ "ኤክስትራ ድራይ" ማለት በሊትር ከ12 እስከ 17 ግራም ስኳር ያለው ነው። "ድራይ" የሚለው ከዚህም ይብሳል፤ ከ17 እስከ 32 ግራም አለው። ስኳሩ ያነሰው "ብሩት" የሚለው ሲሆን ከ12 ግራም አይበልጥም። አፔሮል ራሱ ጣፋጭ ነው፤ በላዩ ላይ ጣፋጭ ፕሮሴኮ ሲደረብ ሽሮፕ ይሆናል። ለስፕሪትዝ ሁልጊዜ ብሩት ይግዙ።

ልኬቱ 3፣ 2፣ 1 ነው፦ 90 ሚሊ ፕሮሴኮ፣ 60 አፔሮል፣ 30 ሶዳ። ትልቅ የወይን ብርጭቆ እስከ አፉ በበረዶ ይሙሉ። በበረዶ መቆጠብ ስፕሪትዝን ያበላሻል፤ ትንሽ በረዶ ቶሎ ቀልጦ ያቀጥነዋል፣ ሙሉ በረዶ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ፕሮሴኮው ይቅደም፣ አፔሮሉ ይከተል፣ ሶዳው መጨረሻ ይግባ፤ ከሥር ወደ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያንሱት። አፔሮል በስኳሩ ምክንያት ከባድ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ከታች ተኝቶ ይቀራል። ቁራጭ ብርቱካን ይጨመርበታል፤ ቬኒስ ውስጥ አረንጓዴ ወይራም ይገባበታል፤ ጨዉ ጣፋጩን ስለሚያስተካክል ቢሞክሩት ደስ ይለናል። በሶዳ ፈንታ አምቦ ውኃ መጠቀም ይቻላል፤ ማዕድኑ ግን በጣዕሙ ላይ ጎልቶ ስለሚመጣ ከ30 ሚሊ አያሳልፉት።

ስለ መፍሰሱ ደግሞ፦ የፕሮሴኮ ስፑማንቴ፣ ማለትም የአረፋማው ፕሮሴኮ፣ ጠርሙስ በ20 ዲግሪ ቢያንስ 3 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ይይዛል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ቡሹ በኃይል ይወጣል፣ አረፋውም ይበረታል። ሞቅ ካለ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይቀዝቅዝ፤ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት፣ ወይም በረዶና ውኃ በእኩል በተሞላ ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን በየቦታው ብቻ ስለሚነካው ይዘገያል፤ ውኃው ግን ዙሪያውን ይይዘዋል። ከመኪና እንደወረደ አይክፈቱት፤ ይረፍ። የሽቦ ማሰሪያውን ሲፈቱ አውራ ጣትዎ ከቡሹ ላይ አይነሳ። ጠርሙሱን አዘንብለው፣ ቡሹን በፎጣ ይዘው፣ ቡሹን ሳይሆን ጠርሙሱን ያዙሩ። ቡሹ ሲወጣ የሚሰማው ድምፅ እንደ ትንፋሽ ከሆነ በትክክል ከፍተውታል። አፉን ወደ ሰው አያዙሩ፤ ዓይን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ እራት ስንወጣ አስተናጋጁ ወይኑን ከፍቶ ጥቂት ይቀዳልኛል፤ ከዚያ ቆሞ ይጠብቀኛል። ምን እንድለው ነው የሚፈልገው?

መልስ፦ ወደዱት ወይም አልወደዱት ብሎ መጠየቁ አይደለም፤ ተበላሽቷል ወይስ ደኅና ነው ነው ጥያቄው። ብርጭቆውን ትንሽ አዙረው ያሽትቱ። ዝናብ የነካው ካርቶን ወይም የሻገተ ጓዳ ከሸተተ ወይኑ ከቡሹ በሚመጣ ብክለት ተጎድቷል፤ የፍራፍሬው ሽታ ደብዝዞ ታፍኗል ማለት ነው። ሆምጣጤ ከሸተተም እንዲሁ። ያን ጊዜ "ይህ ጠርሙስ ደኅና አይመስለኝም፣ እርስዎም ያሽትቱት" ማለት ነውር የለውም፤ ጥሩ ቤት ያለ ክርክር ይቀይረዋል። ሽታው ንጹሕ ከሆነ ራስዎን ነቅንቀው "ይቀጥሉ" ይበሉ። ቡሹን ማሽተት ብዙም አይጠቅምም፤ የሚነግርዎት ብርጭቆው ነው። ከቡሹ ላይ የሚታየው ብርጭቅርጭቅ ያለ ነገር ደግሞ የወይን አሲድ ጨው ነው፣ አይጎዳም።

የሚገርመን አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው የተበላሸ ወይን ዝም ብሎ ይጠጣል፤ ሞቆ የቀረበውን ቀይ ወይን ደግሞ ማንም አይመልስም፤ ጉዳቱ የሚበዛው ግን በዚህኛው ነው። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት" የሚባለው አባባል የመጣው ከቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶች ነው። ከወጥ ቤቱ አጠገብ 25 ዲግሪ ላይ የቆመ ኪያንቲ አልኮሉ ብቻ ይሸታል። ወፍራም ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18፣ ቀለል ያለው ከ13 እስከ 15፣ ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይቅረብ። ሞቆ ከመጣልዎ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ የበረዶ ባልዲ ውስጥ እንዲያስቀምጡልዎ ይጠይቁ፤ ቀይ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። በጣሊያን ሬስቶራንት የወይን ዝርዝር ላይ "ሞንቴፑልቻኖ" የሚል ሁለት ቦታ አየሁ፤ የአንዱ ዋጋ የሌላው ሦስት እጥፍ ነው። ኪያንቲና ኪያንቲ ክላሲኮስ? ባሮሎ ለምን ያን ያህል ይወደዳል?

መልስ፦ በጣሊያን ወይን ላይ አንዳንዱ ስም የወይን ዘር ነው፣ አንዳንዱ የቦታ። ሞንቴፑልቻኖ ሁለቱንም ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው። "ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩዞ" ሞንቴፑልቻኖ ከሚባለው የወይን ዘር አብሩዞ በተባለው ክልል የሚሠራ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ፣ ዋጋውም የሚቻል። "ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ" ደግሞ ቶስካና ውስጥ ካለችው የሞንቴፑልቻኖ ከተማ የሚመጣ ሲሆን ዘሩ በዋናነት ሳንጆቬዜ ነው። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ኪያንቲም ሳንጆቬዜ ነው። ኪያንቲ ቢያንስ 70 በመቶ፣ ኪያንቲ ክላሲኮ ቢያንስ 80 በመቶ ሳንጆቬዜ ሊኖረው ይገባል። ክላሲኮው የሚመጣው በፍሎረንስና በሲዬና መካከል ካለው ጥንታዊ ቦታ ብቻ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ጥቁር አውራ ዶሮ ይታያል። በሌላም ወይን ላይ "ክላሲኮ" ሲያዩ ጥንታዊው የወይኑ አገር ማለት ነው፤ "ሪዜርቫ" ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ፤ "ሱፔሪዮሬ" ብዙውን ጊዜ አልኮሉ ከፍ ያለ። በአንገቱ ላይ ቁጥር ያለበት የመንግሥት ወረቀት ካለ ሕጉን ጠብቆ የተሠራ ነው። የጣሊያን የወይን ቦታ ሕግ በ1963 ወጣ፤ ከፍተኛውን ደረጃ በ1980 ከተቀበሉት ቀዳሚዎች መካከል ባሮሎ፣ ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖና ይኸው ቪኖ ኖቢሌ ይገኙበታል። ደረጃው ግን ስለ ቦታውና ስለ አሠራሩ እንጂ ወይኑ ይጣፍጣል ብሎ ዋስትና አይሰጥም።

ባሮሎ ከሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ከፒዬሞንቴ ነው፤ ኔቢዮሎ ከሚባለው ዘር ብቻ ይሠራል። ሕጉ ከመሸጡ በፊት 38 ወር፣ ከዚያም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል እንዲቆይ ያዝዛል። ገበሬው ገንዘቡን ከሦስት ዓመት በላይ ጓዳ ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ቦታውም ጠባብ ነው፤ ዋጋውን የሰቀለው ይህ ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ እንደቆየ ሻይ ድድን ይይዛል። ይህ ታኒን ይባላል፤ የሚለሰልሰውም ከሥጋ ቅባት ጋር ነው። ስለዚህ ባሮሎን በቲማቲም ስጎ ፓስታ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው እንላለን። ቀስ ብሎ ከበሰለ የበሬ ሥጋ ወይም ከእንጉዳይ ሪዞቶ ጋር ይዘዙት፤ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ተከፍቶ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይገልበጥ። ዋጋው ከከበደዎት "ላንጌ ኔቢዮሎ" የሚለውን ይፈልጉ፤ ዘሩም አካባቢውም አንድ ነው፣ ቶሎ የሚጠጣ ነው።

ለቲማቲም ስጎ ትክክለኛው ኪያንቲ ወይም ባርቤራ የሚባለው ኮምጠጥ ያለ ቀይ ወይን ነው። ቲማቲም ኮምጣጣ ነው፤ ወይኑ ከምግቡ ያነሰ ኮምጣጣነት ካለው ውኃ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ፓስታዬን በሚጥሚጣ ወይም በበርበሬ ነው የምወደው። ከቀይ ወይን ጋር ስበላው አፌ ይቃጠላል። ወይኑ ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ወይኑ ነው። አልኮልና ታኒን ሁለቱም ማቃጠሉን ያባብሳሉ፤ 14 ተኩል በመቶ አልኮል ያለው ጠንካራ ቀይ ለአራቢያታ፣ ማለትም ለሚያቃጥለው የቲማቲም ስጎ ፓስታ፣ የሚመረጥ አይደለም። አልኮሉ ከ12 በመቶ የማይበልጥ፣ ታኒኑ አነስተኛ፣ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ይምረጡ። ከኤሚሊያ የሚመጣው ላምብሩስኮ፣ ቀዝቀዝ ተደርጎ የሚጠጣ አረፋማ ቀይ ወይን፣ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ "አማቢሌ" የሚለው መካከለኛ ጣፋጭ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካልተገኘ ዝዋይ ላይ የሚመረተው አካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ ወይን ቀዝቅዞ ጥሩ ያገለግላል። ከዚያው ቤት የሚወጣው ሪፍት ቫሊ ሲራ ደግሞ በርበሬ ለሌለው የሥጋ ስጎና ለላዛኛ ይሁን።

ጥያቄ፦ አነስተኛ የጣሊያን ምግብ ቤት ከፍቻለሁ። በብርጭቆ የምሸጠው ወይን ያከስረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የቀዳጁን እጅ ይለኩ። 750 ሚሊ ጠርሙስ በ150 ሚሊ አምስት ብርጭቆ ይሰጣል። አስተናጋጁ በዓይኑ ገምቶ 185 ከቀዳ አራት ብቻ ይወጣል፤ ሂሳቡ የተሠራው በአምስት ከሆነ ከየጠርሙሱ አንድ ብርጭቆ ጠፍቷል። በመለኪያ አስቀድተው ወይኑ ብርጭቆው ላይ የት እንደሚደርስ ሁሉም ያስተውሉ። በተመሳሳይ አንድ ጠርሙስ ፕሮሴኮ በ90 ሚሊ ስምንት ስፕሪትዝ ይሆናል፤ ስድስት ብቻ ከሸጣችሁ ሁለቱ የት እንደሄዱ ይጠይቁ።

ሁለተኛው ኪሳራ የተከፈተው ጠርሙስ ነው። ቀዩም ነጩም ማታ ቡሹ ተመልሶበት ፍሪጅ ይግባ፤ ሦስት ቀን በደኅና ይቆያል። ከዚያ የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው፦ ንጹሕ 375 ሚሊ ጠርሙስ አስቀምጡ፤ ሙሉውን ጠርሙስ እንደከፈታችሁ ግማሹን እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑት። አየር ስለሌለበት ሳምንት ያህል ይቆያል። ፕሮሴኮ በጥብቅ መክደኛ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው፤ በአፉ ማንኪያ መስቀል ምንም አይረዳም።

ሦስተኛ፣ ዝርዝሩን ያሳጥሩ። በብርጭቆ አሥር ዓይነት ያለው ትንሽ ቤት አሥር የሚበላሹ ጠርሙሶች አሉት። አንድ አረፋማ፣ ሁለት ነጭ፣ ሁለት ቀይ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቤሊኒን በእኛ አገር ኮክ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ጁዜፔ ቺፕሪያኒ ቬኒስ ውስጥ በሃሪስ ባር የሠሩት በነጭ ኮክ ነው፤ በሌላው ሲሠራ መልኩ ቢጫ ይሆናል እንጂ ጣዕሙ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር መብሰሉ ነው፤ በጣት ሲጫን ካልለሰለሰ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ልጣጩንና ፍሬውን አውጥተው በወንፊት ላይ በማንኪያ ደፍጥጠው ያሳልፉት። በብሌንደር ከፈጩት አየር ይገባበትና ፕሮሴኮው ሲፈስበት አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። እንዳይጠቁር ጥቂት የሎሚ ጠብታ፣ ጎምዛዛ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። የቀዘቀዘ 50 ሚሊ ድፍጥጥ ኮክ፣ 100 ሚሊ የቀዘቀዘ ፕሮሴኮ። መጀመሪያ ጥቂት ፕሮሴኮ ጨምረው ቀስ አድርገው ያዋሕዱ፣ ከዚያ ቀሪውን በብርጭቆው ግድግዳ ያፍስሱ። በረዶ አይገባበትም።

ጥያቄ፦ አልኮል አልጠጣም። ጓደኞቼ ጣሊያን ምግብ ቤት ሲጋብዙኝ ኮካ ብቻ ነው የማዝዘው። ሌላ ምን አለ? ባለቤቴ ደግሞ ትጠጣለች፣ ግን በጾም ወቅት ዕንቁላልና ወተት እንዳይነካት ትጠነቀቃለች።

መልስ፦ ጣሊያኖች አልኮል የሌለውም መራራ አፔሪቲቮ፣ ማለትም ከምግብ በፊት የሚጠጣ መጠጥ፣ አላቸው። ክሮዲኖ ብርቱካናማ ነው፣ ሳንቢተር ቀይ፣ ኪኖቶ ጥቁርና ከመራራ ብርቱካን የሚሠራ። ከሌሉ ባርቴንደሩን ይህን ይዘዙት፦ 60 ሚሊ ትኩስ የብርቱካን ጭማቂ፣ 15 ሚሊ ሎሚ፣ 120 ሚሊ ቶኒክ፣ ብዙ በረዶ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል። የቶኒኩ መራራነት የምግብ ፍላጎት ይከፍታል።

ከመጠጡ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ምግቡ ነው። ቲራሚሱ የሚባለው ጣፋጭ በብዙ ወጥ ቤት ማርሳላ (ብርቱ የሲሲሊ ወይን) ወይም ረም የሚባለው አረቄ ይገባበታል፤ እሳትም አይነካውም። ዛባዮኔ የሚባለው የዕንቁላል ክሬምም በማርሳላ ነው የሚሠራው። ሪዞቶ፣ የሥጋ ራጉና የቮንጎሌ (የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል) ስፓጌቲ ብዙውን ጊዜ ወይን አለባቸው፤ ግማሽ ሰዓት ቢበስልም አልኮሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በሃይማኖት ወይም በሕክምና ምክንያት ፈጽሞ የማይነኩ ከሆነ ሳያዝዙ ይጠይቁ። "አልኮል የሌለው" የሚል ወይንም ብዙ ጊዜ እስከ ግማሽ በመቶ ሊኖረው ይችላል።

ለባለቤትዎ፦ አማሬቶ ሳወር፣ የለውዝ ጣዕም ካለው ጣፋጭ መጠጥና ከሎሚ የሚሠራው ኮክቴል፣ በብዙ ባር በዕንቁላል ነጭ ይናጣል፤ ላዩ ላይ የሚታየው ወፍራም አረፋ እሱ ነው፤ "ያለ ዕንቁላል" ብለው ይዘዙ። ኔግሮኒ፣ አሜሪካኖና ስፕሪትዝ ዕንቁላልም ወተትም የላቸውም። ወይን ሲጠራ በዕንቁላል ነጭ ወይም በወተት ፕሮቲን የሚጠራ አለ፤ ቅሪቱ ከተገኘ በመለያው ላይ እንዲጻፍ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ያዝዛል። በጣሊያንኛ "ኡዎቮ" ዕንቁላል ነው፣ "ላቴ" ወተት።

ጥያቄ፦ ስፕሪትዝ እንደ ጭማቂ ስለሆነ ሁለት ሦስት ብጠጣ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ፕሮሴኮም አፔሮልም 11 በመቶ ገደማ አልኮል ናቸው፤ አንዱ ስፕሪትዝ 16 ተኩል ሚሊ ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ 5 በመቶ ከሆነ አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ቢራ ጋር እኩል ነው። ኔግሮኒ 24 ሚሊ ገደማ ነው፤ አንድ ቢራ ተኩል ማለት ነው፣ ያውም በትንሽ ብርጭቆና በባዶ ሆድ። ከጠጡ አይንዱ።

ጥያቄ፦ ሮም ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ነው የምተዳደረው። አሠሪዎቼ ከምሳ በኋላ ቡና ይጠጣሉ፣ ከዚያ ሌላ መጠጥ ይከተላል። አንዱ ጠርሙስ ውስጥ ጤና አዳም አየሁ! ይህ ምንድን ነው? ሊሞንቼሎ በቤት እንዴት እንደሚሠራም ብትነግሩኝ።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ጤና አዳም ነው። እኛ ቡና ላይ እንደምናደርገው እነሱ ግራፓ ውስጥ አንድ ዘለላ ይጨምራሉ፤ "ግራፓ አላ ሩታ" ይሉታል። ግራፓ ወይኑ ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው አተላ፣ ማለትም ከልጣጩና ከፍሬው የሚወጣ አረቄ ነው፤ አልኮሉ ቢያንስ 37 ተኩል በመቶ። ጤና አዳም ኃይለኛ ስለሆነ ዘለላው ትንሽ መሆን አለበት፤ ነፍሰ ጡር ሴት አትቅመሰው።

ቡናው ካለቀ በኋላ የሚጠጣውን "አማዛካፌ" ይሉታል፣ ቡናን የሚገድል ማለት ነው። ግራፓ፣ አማሮ ወይም ሊሞንቼሎ ሊሆን ይችላል። አማሮ መራራ የዕፅዋት መጠጥ ነው፤ ከሲሲሊ የሚመጣው አቬርና ለስለስ ያለ ነው፣ የሚላኑ ፌርኔት ብራንካ ግን የጌሾን መራራነት የለመደ ምላስ ይፈልጋል። ሳምቡካ ደግሞ እንደ ኡዞ አኒስ ይሸታል፤ ሦስት የቡና ፍሬ ተጨምሮበት ሲቀርብ "ከዝንብ ጋር" ይሉታል። ኬክ ካለ ሞስካቶ ዳስቲ የሚባለውን ጣፋጭ ወይን አውጪ፤ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ ነው። ብሩት ፕሮሴኮን ከጣፋጭ ጋር አታቅርቢ፤ ኬኩ ወይኑን ሆምጣጤ ያስመስለዋል።

አሁን ወደ ሊሞንቼሎው። ጣሊያን ያለሽ በመሆኑ ዕድለኛ ነሽ፤ ትልቁና ወፍራም ልጣጩ ሎሚ እዚያ አለ። ሰም ያልተቀባ 8 ሎሚ ግዢ፣ በሙቅ ውኃ እሺ፣ አድርቂ። ቢጫውን ልጣጭ ብቻ በስሱ ላጪ። ነጩ ከገባ መራራ ይሆናል፣ በኋላም የሚያስተካክለው የለም። በጣሊያን ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን ለምግብ የሚሆን 95 ወይም 96 በመቶ አልኮል 500 ሚሊ በጥብቅ ክዳን ባለው ማሰሮ ጠርሙስ ውስጥ ከልጣጩ ጋር ጨምሪ፤ ከእሳት አርቂው። በጨለማ ቦታ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይቆይ፤ ልጣጩ ነጥቶ እንደ ወረቀት ሲሰበር ጨርሷል። 600 ሚሊ ውኃ ከ400 ግራም ስኳር ጋር አሙቂ፣ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዢ፣ አልኮሉን አጥልለሽ ደባልቂ። ሲደባለቅ ይደፈርሳል፤ አትደንግጪ፣ የሎሚው ዘይት ውኃ ሲነካው እንዲህ ነው፤ ጥሩነቱም ይታወቅበታል። አንድ ሳምንት አስቀምጪው፣ ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። 30 ሚሊ በቀዘቀዘ ትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል።

ይህን አዲስ አበባ ሆነው የሚሠሩ ሰዎች በዚያ አልኮል ፈንታ 700 ሚሊ 40 በመቶ ቮድካ ይጠቀሙ፤ ልጣጩ ሁለት ሳምንት ይቆይበት፣ ሽሮፑ ግን 200 ሚሊ ውኃና 200 ግራም ስኳር ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይቀጥናል። ያን ያህል አይደፈርስም። ከፋርማሲ የሚገዛውን የቁስል ማጽጃ አልኮል ግን ማንም አይጠቀም፤ ለመጠጥ እንዳይሆን መርዛማ ነገር ሊጨመርበት ይችላል፤ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም።